በመስታወት ውስጥ የገባ ነፋስ፦ የሰፈር ሰሌዳ ሥራ ማስታወሻ፣ አዳማ

ሳምንት 1፣ ኅዳር መጀመሪያ

የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ግድግዳ፣ ጥቂት ሚስማር። የሰፈሩ ሰው የሚጽፍበትና የሚያነብበት ነገር፣ በቃ።

ለምን ሰሌዳ? የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ ከ400 በላይ አባል ያለው። ሰው ስለ ውኃ መጥፋት መጻፍ ሲጀምር አድሚኑ ግሩፑን ይቆልፈዋል። «ለማረጋጋት ነው» ይላል። እስኪከፈት ነገሩ ቀዝቅዟል። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ መጀመሪያውኑ የሉበትም። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ አምስት ወር ያህል በቪፒኤን ስንሹለከለክ ከረምን። ቪፒኤን የማያውቅ ደግሞ ዝም ብሎ ከረመ።

እኔ በስልኬ ብዙ የምጽፍ ሰው ነኝ። የሚያነቡኝ ግን አብዛኞቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው። ከቤቴ ሃያ እርምጃ የሚርቀው ባለሱቅ አንድም ቀን አንብቦኝ አያውቅም። ይሄ ነገር ትንሽ ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያው ዕቃ፦ ያገለገለ ኮምፔንሳቶ 900 ብር፣ ነጭ ቀለም 350፣ ሚስማርና ፒን 150። ድምር 1,400 ብር። መጋዝና መዶሻ ከጎረቤት። ልኩ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር።

ለእናቴ ነገርኳት። «ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ሚያዝያ 2006 ላይ የዞን 9 ጦማሪዎች ሲታሰሩ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ነበሩ። ስሙ የመጣው ከቃሊቲ ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞን አለው፤ ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ዘጠነኛው ነን ማለታቸው ነው። ያን ሰሞን የጻፍኳቸውን ሦስት ጽሑፎች ሌሊት ቁጭ ብዬ አጠፋሁ። ማንም አጥፋ አላለኝም። ከጽሑፎቹ አንዱ ስለ ከተማችን የጎርፍ ቦይ ነበር።

ሳምንት 2

ግድግዳ ፍለጋ። መጀመሪያ ያሰብኩት ዋናው መንገድ ዳር ያለውን አጥር ነበር። ስለዚህ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ያገኘሁት ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ ወንበር ሰጠኝ።

«ችግር የለም» አለኝ። «ግን እያንዳንዱ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት እዚህ ይምጣና ማኅተም ይደረግበት።»

«ፍየል ጠፋ የሚል ወረቀትም?»

«እሱም ወረቀት ነው።»

አንቀጽ 29ን አነሳሁ። ሕገ መንግሥቱ ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል አልኩት። እንዲያውም አንቀጹን በስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። ሰውዬው አልተቆጣም። «አውቀዋለሁ» አለ። «ግን ነገ የማይሆን ነገር ቢጻፍ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።»

ይሄ መልስ ሲያናድደኝ ሰነበተ። ፈሪ አልኩት በሆዴ። ይመዝገብልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመንገዱን አጥር ትቼ ወደ እድራችን ሄድኩ። የእድሩ ቤት ግድግዳ ወደ መንገድ ይዞራል፣ ሰው ወደ ታክሲ ሲሄድ የሚያልፈው በዚያ ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ጥቅምት 1985 ላይ የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ አዲስ አበባ ይሠሩ ነበር። «ከዚያ በፊት ሳንሱር ሳያልፍ የሚታተም ነገር የለም» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ግን ጋዜጣ እንደ አሸን ፈላ። ሁሉንም መግዛት ስለማንችል ተከራይተን ነበር የምናነበው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን፣ አንብበን እንመልሳለን።» የእድሩ ዳኛ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ለእድሩ ማስታወቂያም ይሆናል አይደል?» ይሆናል አልኳቸው። ጡሩንባ ነፊያችን አርጅቷል፤ ለቅሶ ሲኖር ግማሹ ሰፈር አይሰማም።

ግድግዳው ተፈቀደ። ብሎኬት ነው። ድሪል ተከራይቼ በፊሸር አሰርኩት። ሁለቱ ፊሸሮች ባዶው የብሎኬት ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ጠፉ። ሌላ ቦታ በሳሁ።

ሳምንት 3

ነፋስ።

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። አዳማ አንድ የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይን አለው፣ አዳማ ሁለት 102። ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት። እንግዲህ 136 የነፋስ ተርባይን የተተከለላት ከተማ ውስጥ ወረቀት በአራት ፒን የሚለጥፍ ሰው ምን ይባላል? እኔ ነኝ።

ሰኞ ስድስት ወረቀት ለጠፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ቀሩ። ረቡዕ አንዱን የጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ከሰል ላይ አገኘችው። በወፍራም ካርቶን ሞከርኩ፤ ካርቶኑ ሸራ ሆነና ፒኑን ነቅሎ ሄደ። በኮላ ሞከርኩ፤ ያዘ፣ ግን አዲስ ሲለጠፍ አሮጌውን በቢላ መፋቅ ሆነ። ኮምፔንሳቶውም በፀሐይ ብዛት ከዳር መላጥ ጀመረ። ዕድሜው 12 ቀን።

አቧራውም አለ። ከሰዓት በኋላ ጽሑፉ ላይ ቡናማ ነገር ይለብሳል፣ ልጆች ደግሞ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል። ያንን እንኳ ወድጄዋለሁ።

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ልጁ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር መስታወት ይፈልጋል፤ በር ያለው፣ የሚቆለፍ» አለኝ። ያን ቀን ትክክል መሰለኝ። እስከ ዛሬም ስለ ነፋሱ ትክክል ነው።

ሳምንት 4

ሁለተኛው ሰሌዳ። ወጪው ይሄ ነው፦ አንግል ብረት ሦስት ዘንግ፣ አንዱ በ1,300፣ 3,900 ብር። ላሜራ አንድ፣ 2,400። ባለ 4 ሚሊ መስታወት ሁለት፣ 2,600። ማጠፊያና ቁልፍ 480። ፊሸርና ብሎን 160። አንቲረስትና ቀለም 700። የብየዳ እጅ 1,500። ጠቅላላ 11,740 ብር። ለሚስቴ የነገርኳት ቁጥር ሌላ ነው።

የተማርኳቸው ነገሮች። ጀርባው ላሜራ ከሆነ ፒን አያስፈልግም፣ ማግኔት ይበቃል። የራዲዮ ጠጋኙ ከሞቱ ስፒከሮች ትናንሽ ማግኔት አወጣልኝ፣ ሃያ ፍሬ በ200 ብር። በኢንክጀት የታተመ ወረቀት በአሥር ቀን ቀለሙ ይጠፋል፤ ግድግዳው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል። ሌዘር ፕሪንት ይሻላል። በእርሳስ የተጻፈ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይቆያል፣ ይሄን አልጠበቅኩም። ከታች በኩል አራት ቀዳዳ ካልተበሳ መስታወቱ ጠዋት ጠዋት በላብ ይሸፈናል።

ስህተቱ ማጠፊያው ነበር። በሮቹን ወደ ጎን የሚከፈቱ አደረግናቸው፣ እንደ ቁም ሣጥን። ሐሙስ ዕለት የቀኙን በር ከፍቼ ወረቀት ሳስተካክል ነፋሱ ከእጄ ነጠቀው። ግድግዳውን መታ። 1,300 ብር መሬት ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብዬ ስለቅም አንድ የባጃጅ ሹፌር ቀነስ አድርጎ «ነፃ ፕሬስ ተሰበረ?» ብሎኝ አለፈ። ሰፈሩ እንዲህ ነው።

ቀኙን በር ለጊዜው በወፍራም ፕላስቲክ ሸፈንኩት። ከሰሌዳው ሥር ደግሞ ቀዳዳ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ሰቀልኩ። ሰው ጽፎ ይከታል፣ እኔ በቁልፌ ከፍቼ እለጥፋለሁ። ያኔ ምንም አልታየኝም።

ሳምንት 5

ሣጥኑን በየማታው እከፍታለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት የተገኘው፦ ሁለት የማስቲካ ልጣጭ፣ አንድ የሎተሪ ዕጣ (የወጣበት)፣ «ሰላም ነው?» የሚል ወረቀት።

ከዚያ ቀስ እያለ መጣ። የሚከራይ ክፍል፣ ሻወር የሌለው። የጠፋ መታወቂያ። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስጠናለሁ። የእድሩ የለቅሶ ማስታወቂያ። ከዚያ አንድ ማታ፦ «ቦኖው የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱ ይጻፍልን።» በማግስቱ የቦኖው ሰው ራሱ መጥቶ ሰዓቱን አስጻፈ። ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከሰዓት ከ10 እስከ 12። አንድ ዓመት ሙሉ ጀሪካን ይዘን ስንገምት የነበረውን ነገር። ያን ቀን ስልኬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ በለጠብኝ።

ቋንቋ። ሰፈራችን ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ አብዛኛው ሁለቱንም እያደባለቀ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ርዕሶቹን በሁለቱም ለመጻፍ ወሰንኩ። እኔ ኦሮምኛ እሰማለሁ እንጂ በቁቤ መጻፍ አልለመድኩም። የመሬት ግብር መክፈያ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ትርፍ አናባቢ ጨመርኩ። በኦሮምኛ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚለያዩት በአናባቢው ርዝመት ነው። እናም «የለስላሳ ግብር» ብዬ ለጠፍኩ። ልጆቹ ሱቅ እየሄዱ «ኮካም ግብር አለው እንዴ?» ሲሉ ዋሉ። ጎረቤቴ የኦሮምኛ መምህር ነው፤ ስቆ ሲያበቃ ከአሁን በኋላ እኔ ልየው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም የሰሌዳው ሰው ሆነ።

ሳምንት 5፣ ኅዳር 29

ቀኑን ሆን ብዬ አልመረጥኩትም። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው፣ አንቀጹም 29። በዓል ስለነበር ቤት ነበርኩ። ጠዋት ሣጥኑን ከፈትኩ።

የደብተር ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፦ «ባለፈው ዓመት ለድንኳን መግዣ ከየቤቱ 300 ብር አዋጥተናል። ድንኳኑ የት ነው ያለው? ባለፈው ለቅሶ ለምን በኪራይ ድንኳን ተቀመጥን? አንድ አባል።»

አንብቤ ለጠፍኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም 300 ብር ከፍያለሁ። በግራው በር፣ መሐል ላይ፣ በአራት ማግኔት።

እስከ ቀትር ሰው ቆሞ ያነብ ነበር። ማንም ምንም አይልም፤ ያነቡና ይሄዳሉ። ወደ 11 ሰዓት የእድሩ ዳኛ ደወሉ። አልጮኹም። «ልጄ፣ ግድግዳው የእድሩ ነው። ይሄን እናንተ ቤት ቢለጥፉባችሁ ደስ ይላችኋል?» አሉኝ። አይ ጋሼ፣ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም አልኩ። «አውቃለሁ። ግን የለጠፍከው አንተ ነህ። ቁልፉ ያንተ ነው።»

ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። መንገዱ ጨለማ ነበር፣ መብራት ሄዷል። በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ከፈትኩት። ወረቀቱን አንስቼ አጠፍኩት፣ ኪሴ ከተትኩት። ለራሴ ያልኩት ምን መሰላችሁ? «ነገ ግድግዳውን ቢከለክሉን የሚጠየቀው እኔ ነኝ።» የቢሮው ሰውዬ ንግግር፣ ቃል በቃል። ያን ጊዜ ግን ያ ሰው ትዝም አላለኝ።

በችኮላ ማግኔቶቹን አላነሳሁም።

ሳምንት 6

ጠዋት ሥራ ልሄድ ስል አየሁት። አራት ማግኔት፣ በአራት ማዕዘን፣ ምንም ሳይዙ። ዙሪያው አቧራ አለ፣ ወረቀቱ የነበረበት ቦታ ንጹሕ ነው። ለተመልካች ከወረቀቱ የበለጠ ያ ባዶ ቦታ ይናገር ነበር።

ከሰሌዳው ፊት ለፊት ጉልት የሚሸጡ እናት አሉ። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። ማንበብ አይችሉም፤ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አስቁመው ሰሌዳውን ያስነብባሉ፣ ለክፍያ አንድ ሎሚ። ጠሩኝ።

«የድንኳኑ ወረቀት የት ሄደ?»

«ነፋስ ወሰደው፣ እማማ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ መስታወቱን አዩ። ከዚያ ቁልፉን።

«በመስታወት ውስጥ ነፋስ ገባ?»

መልስ አልነበረኝም። ሎሚ ገዝቼ ሄድኩ፤ ሎሚም አያስፈልገኝም ነበር።

ያን ሳምንት ሣጥኑ ባዶ ሆነ። ሙሉ ስድስት ቀን። የጠፋ መታወቂያ እንኳ የለም። አራት ቀን ሙሉ የሣጥኑ ቀዳዳ ጠቦ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አርብ ዕለት በፋይል አሰፋሁት! ይሄን ጽፌ ሳነበው ይገርመኛል። ሰውዬው ቆርቆሮ ይሞርዳል።

እሑድ መምህሩ ጎረቤቴ ቤት ቡና ጠጣን። ነገርኩት። ሳቀ፣ ግን በመጥፎ አይደለም። «መጀመሪያ ክፍት ሰሌዳ ነበረህ፣ ነፋስ አስቸገረህ» አለ። «መስታወት አደረግክ። መስታወት በር ፈለገ፣ በር ቁልፍ ፈለገ፣ ቁልፍ ኪስ ፈለገ። ኪሱ ያንተ ሆነ። የብየዳ ችግር ነው ወዳጄ፣ በብየዳ ነው የሚፈታው።»

ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ወረቀቱ ይመለሳል፣ እኔ እንዳነሳሁት ተጽፎበት። ሁለተኛ፣ የሰሌዳው ግማሽ ቁልፍ አይኖረውም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን እዚያው አራቱ ማግኔት ሥር መለስኩ። ከጎኑ ጻፍኩ፦ «ይህን ወረቀት ኅዳር 29 ማታ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንሳት አልነበረብኝም።» ስሜን ፈረምኩ። እጄ ላብ ላብ ብሎት ነበር፣ ለአንድ የድንኳን ወረቀት። ለዳኛውም ደወልኩ። መልስ ካላችሁ ከጎኑ ቦታ አለ፣ ያው ስፋት፣ ያው ከፍታ አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት።

ሳምንት 7

ብየዳ፣ ዙር ሁለት። 600 ብር። የቀኙ በር ተነቀለ። የግራው በር ማጠፊያ ከጎን ወደ ላይ ተዛወረ፤ አሁን እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ይከፈታል፣ በብረት ዘንግ ይደገፋል፣ ነፋሱ ቢመታው ራሱ ይዘጋል እንጂ አይሰበርም። ይሄን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረብኝ።

ቀሪው ጥያቄ ያለ መስታወትና ያለ ቁልፍ ወረቀት እንዴት በአዳማ ነፋስ ይቆያል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ጎሚስታ ጋ ነው፣ የብስክሌቴን ጎማ ላስለጥፍ ሄጄ። ግድግዳው ላይ የውስጥ ጎማ ቆርጦ አግድም ወጥሯል፤ ካታቪቴውን፣ ጉጠቱን፣ የደንበኛ ደረሰኙን ሁሉ እዚያ ውስጥ ይሰካል። አንዱን ደረሰኝ ለመንቀል ሞከርኩ፣ ይዟል።

አራት ያረጀ የውስጥ ጎማ፣ 200 ብር። ሦስት ጣት ስፋት ባላቸው ማሰሪያዎች ቆረጥኩት። በላሜራው ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትር አግድም ወጥሬ ጫፎቹን በብሎን አሰርኩ። ስድስት መስመር። ወረቀቱ ከላይም ከታችም በጎማ ይያዛል። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ በጣም ስለወጠርኩት ወረቀት ለመሰካት ሁለት እጅ ፈለገ፤ አላላሁት። አሁን ጀሪካን የያዘ ሰው በአንድ እጁ ይሰካል።

ሌላ ስህተት፦ ጥቁሩ ጎማ በፀሐይ ሲግል ነጭ ወረቀት ላይ መስመር ይተዋል። መፍትሔ አላገኘሁም። በሳሙና ማጠብ ትንሽ ይረዳል።

እስክሪብቶ በክር አስሬ አንጠለጠልኩ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተሰረቀ። እርሳስ አንጠለጠልኩ። አለ።

ሳምንት 8

የእድሩ መልስ መጣ። ዳኛው አይደሉም ያመጡት፣ ጸሐፊው ናቸው። በማኅተም፣ በሁለት ገጽ፣ በካርቦን ቅጂ። ካርቦን ወረቀት ከየት እንዳገኙ አላውቅም።

212 ቤት። የከፈለ 194። የተሰበሰበ 58,200 ብር። ድንኳን 52,000። ድንኳኑ አለ፤ ሁለት ቦታ ስለተቀደደ ሰፊ ጋ ገብቶ አራት ወር ሆኖታል። የቀረው 6,200 ብር «ለትራንስፖርትና ለልዩ ልዩ»።

በግራው፣ በመስታወቱ በኩል፣ ከጥያቄው ጎን ለጠፍኩት። ሁለት ቀን ሳይሞላ በቀኙ በኩል በእርሳስ የተጻፉ አራት ወረቀቶች ተሰኩ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ልዩ ልዩ ማን ነው? የእድሩ አባል ነው?» ሌላው ጸሐፊውን ያመሰግናል። ሦስተኛው 18 ያልከፈሉት ሰዎች ስም ይለጠፍ ይላል። አራተኛው ለሦስተኛው መልስ ነው፦ «ባሌ ታሞ ስለነበር ነው ያልከፈልኩት። ስሜን ልጻፍልህ?»

የዚህን አራተኛ ወረቀት ጽሑፍ ብዙ ቆሜ አየሁት። ማን እንደጻፈችው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሦስተኛው ወረቀት በማግስቱ በራሱ ጊዜ ተነሳ። የጻፈው ሰው ነው ያነሳው፣ እማማ አይተውታል። ማን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ ጠይቄያቸዋለሁ።

ሳምንት 9

የፈራሁት ነገር መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ክፍቱ ግማሽ ላይ፣ ብሔር ጠርቶ የሚሳደብ ወረቀት። አልደግመውም። አጭር ነበር፣ በትልልቅ ፊደል።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ሰው ያልፋል፣ ያነባል፣ ፊቱን ያዞራል። ብቻዬን ላነሳው አልፈለግኩም፤ አንዴ አንስቼ አይቻለሁ። መምህሩን ጠራሁት፣ ጸሐፊውንም። ከባጃጆቹ አንዱ ወጣት «አንቀጽ 29 ስትል አልነበር? አሁን ምን ሆንክ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጥያቄው ይገባል። እዚያው ቆመን አነበብንለት። ራሱ አንቀጽ 29 የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይላል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ደግሞ፣ 1185/2012፣ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለው። ወጣቱ «እሱ አዋጅ ስንቱን ላልሆነ ነገር አስሮበታል» አለ። እሱም ላይ አልተከራከርኩትም። አዋጅ ስጠቅስ ድምፄ የቢሮ ድምፅ እንደሚሆን ታውቆኛል።

በመጨረሻ አዋጁን ትተን ሌላ ነገር ተስማማን። ወረቀት የሚነሳው ሦስት ሰው ቆሞ ከተስማማ ብቻ ነው፣ በቀን፣ በብርሃን። በቦታው ተመሳሳይ ልክ ያለው ወረቀት ይሰካል፦ «እዚህ የነበረው ወረቀት ሰውን በብሔሩ ስለሚሳደብ ተነስቷል»፣ ቀን፣ ሦስት ስም። የተነሳው ወረቀት አይቀደድም፣ ጸሐፊው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ማየት የፈለገ ሄዶ ያያል። ወጣቱ ሦስተኛው ፈራሚ ሆነ። እየተነጫነጨ።

በዚያው ሳምንት ስለኔም ተጻፈ። «ሰሌዳውን የሠራው ሰውዬ ዓላማው የእድር ዳኛ መሆን ነው።» እናቴ ሰምታ ተናደደች፣ ካላነሳኸው አለች። ሥሩ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «አይደለም። ድንኳን መሸከም አልችልም፣ ወገቤን ያመኛል።» እስከ አሁን አለ። ጎማው መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶበታል።

ሳምንት 11፣ ጥር

ሒሳብ። የመጀመሪያው ሰሌዳ 1,400። ሁለተኛው 11,740። ማግኔት 200። የውስጥ ጎማ 200። ሁለተኛ ብየዳ 600። ተጨማሪ ቁልፍ ማስቀረጽ፣ ሦስት፣ 240። ፕሪንትና ወረቀት 690። ድምር 15,070 ብር። ከሰፈሩ የተዋጣ 4,350፣ ቀሪው 10,720 ከኔ። የተዋጣውን ዝርዝር በግራው በኩል ለጥፌዋለሁ። «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር የለውም።

የግራው በር ቁልፎች አሁን አራት ናቸው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ መምህሩ ጋ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ። አራተኛውን ለእማማ ሰጠኋቸው። «እኔ ማንበብ አልችል፣ ምን አደርግበታለሁ?» አሉ። ይያዙት ብቻ አልኳቸው። የሎሚው ሣህን ሥር አስቀመጡት።

ድንኳኑ ከሰፊው ወጥቷል፤ በጥምቀት ማግስት ለቅሶ ላይ ተቀመጥንበት። ያፈሳል የሚባለው ወሬ እስከ ክረምት አይታወቅም። ዳኛው እስካሁን ሰላምታዬን በአንገታቸው ነው የሚመልሱት። ባለፈው እሑድ ግን ቆመው ክፍቱን ግማሽ ከላይ እስከ ታች ሲያነቡ አይቻቸዋለሁ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ ሦስተኛው የጎማ መስመር ላልቷል፣ ብሎኑን ማጥበቅ። እርሳሱ አልቋል። የግራው የታችኛው ማዕዘን ዝገት ጀምሮታል፣ አንቲረስቱ እዚያ አልደረሰም ነበር፤ በብራሽ መፈግፈግና እንደገና መቀባት።